የብቅል ማድረቂያ መሣሪያ በመተማና በምዕራብ ጎንደር ቆላ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



መተማ ሲባል በብዙ ሰው አእምሮ ውስጥ ቀድሞ የሚመጣው ታሪክ ነው። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ የወደቁበት ሥፍራ በመሆኑ፣ የድንበሩ ከተማ ዛሬም መተማ ዮሐንስ እየተባለ ይጠራል። ጎረቤቱ ቋራም የዐፄ ቴዎድሮስ የትውልድ አገር ነው። ይሁን እንጂ አንድ አገር በጦር ሜዳው ብቻ አይታወቅም፤ በእርሻው፣ በገበያውና በጓዳውም ይታወቃል። የዚህ ንግግር ጉዳይ የሚነሣው ከጓዳው ነው። ይኸውም በቆላው የሚበቅለው ማሽላ ብቅል ከሆነ በኋላ እንዴት እንደሚደርቅ፣ በምን መሣሪያ ቢደርቅ እንደሚሻልና ይህ ጥያቄ ለምን የባለሙያውን ትኩረት እንደሚጠይቅ ማስረዳት ነው።

የምዕራብ ጎንደር ቆላ፣ ከዞኑ ዋና ከተማ ከገንዳ ውኃ ጀምሮ እስከ ሱዳን ድንበር ድረስ፣ የሰሊጥ፣ የጥጥና የማሽላ አገር ነው። ሰሊጡና ጥጡ ለገበያ፣ ማሽላው በአብዛኛው ለቤት ነው። ማሽላ ለዚህ ምድር እንግዳ እህል አይደለም። በምሥራቅ ሱዳን ከከሰላ አካባቢ በተገኘ ጥንታዊ ሰፈር፣ ከ5000 ዓመት በፊት የነበሩ ሰዎች ማሽላን ከዱር ወደ እርሻ ማምጣት እንደ ጀመሩ የሚያሳዩ የእህል አሻራዎች በሸክላ ስባሪ ላይ ተገኝተዋል። ከድንበሩ ወዲህና ወዲያ ያለው ሕዝብ በዚህ እህል ላይ ያለው ዕውቀት ምን ያህል ሥር የሰደደ መሆኑን ከዚህ መገመት ይቻላል።

ከማሽላ ብቅል በወዲህ በኩል ጠላና አረቄ ይወጣል፤ የጉሙዝ ሕዝብም የራሱን የማሽላ መጠጥ ይጠምቃል። በወዲያ በኩል መሪሳ የሚባለው ወፍራም ጠላ ከጥንት የታወቀ ሲሆን፣ በሱዳን እ.ኤ.አ. በ1983 የአልኮል መጠጥ ከተከለከለ በኋላ ወደ ስውር ጓዳ ገብቷል። በረመዳን ጊዜ የሚጠጣው ሕሉ ሙር ግን አልኮል የሌለው ሆኖ መሠረቱ ያው የማሽላ ብቅል ነው። ብቅሉ ተፈጭቶ፣ ከቅመም ጋር ተቦክቶ፣ በስሱ ይጋገርና ደርቆ ይቀመጣል፤ በሚፈለግበት ጊዜ በውኃ ተዘፍዝፎ ይጠጣል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ መተማ የብዙ ስደተኞች መግቢያ በር ሆናለች። በበሩ የሚገቡትና የሚቀበሏቸው ሰዎች በቋንቋና በሃይማኖት ቢለያዩም፣ ማሽላን ማብቀልና ማድረቅ ሁለቱም ወገኖች የሚያውቁት ሙያ ነው።

ብቅል ምንድን ነው?

ጉዳዩን ከሥሩ ለመረዳት ብቅል ሲደርቅ ምን እንደሚሆን ማስታወስ ያስፈልጋል። እህል ተዘፍዝፎ ሲበቅል፣ በውስጡ ያለውን ስታርች ወደ ስኳር የሚለውጡ ኤንዛይሞች ይፈጠራሉ። ጠማቂዋ የምትፈልገው እነዚህን ኤንዛይሞች ነው። ሆኖም ቡቃያው እንዲያድግ ከተተወ የእህሉን ሀብት ራሱ በልቶ ይጨርሰዋል። ስለዚህ ዕድገቱ በተገቢው ሰዓት መቆም አለበት፤ የሚያቆመውም ድርቀት ነው። እንግዲህ ማድረቅ ማለት ሕይወትን ሳያጠፉ ሕይወትን ማስቆም ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ቡቃያው መቆም፣ ኤንዛይሙ ግን መትረፍ አለበትና።

የሥራው አስቸጋሪነት ከዚህ ላይ ነው። ኤንዛይም በእርጥብ እህል ውስጥ ሳለ ሙቀትን አይችልም፤ ከ50 እና ከ55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሆን መጎዳት ይጀምራል። እህሉ ከደረቀ በኋላ ግን ከዚያ የበለጠ ሙቀት ይችላል። ስለሆነም በዓለም ላይ ያሉ የብቅል ማድረቂያዎች ሁሉ የሚከተሉት አንድ ሕግ አለ፤ በመጀመሪያ ብዙ ነፋስና ጥቂት ሙቀት፣ በመጨረሻ ጥቂት ነፋስና ብዙ ሙቀት። ለምሳሌ በገብስ ብቅል ፋብሪካ 44 በመቶ ያህል ውኃ ያለው እርጥብ ብቅል በቅድሚያ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ በሞቀ የአየር ጅረት ይነፍሳል፤ በዚህ ጊዜ እህሉ ውኃ እየተነነበት ስለሚቀዘቅዝ የአየሩን ያህል አይሞቅም። ውኃው ወደ 12 በመቶ ገደማ ሲወርድ ሙቀቱ ደረጃ በደረጃ ከፍ ይልና በ80 እና በ85 ዲግሪ መካከል ይበስላል። በመጨረሻ የሚቀረው ውኃ ከ4 እስከ 5 በመቶ ብቻ ነው። ጠረኑና ቀለሙ የሚመጣው ከዚህ ከመጨረሻው ማብሰያ ነው።

የማሽላ ብቅል ግን ሌላ ጠባይ አለው። በሞቃት ሥፍራ፣ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ባለው ሙቀት ይበቅላል፤ የኤንዛይሙ መጠን ከገብስ ያነሰ በመሆኑ የሚባክን ነገር የለውም። በደቡባዊ አፍሪካ ለባህላዊ ጠላ የሚሆን የማሽላ ብቅል የሚያመርቱ ፋብሪካዎች በ50 ዲግሪ አካባቢ በሆነ አየር የሚያደርቁት በዚህ ምክንያት ነው። በናይጄሪያም የገብስ ብቅል ከውጭ እንዳይገባ እ.ኤ.አ. በ1988 በተከለከለ ጊዜ፣ ቢራ ፋብሪካዎቹ ወደ ማሽላ ለመዞር ተገድደዋል። ያን ጊዜ የተገኘው ትምህርት፣ ማሽላ የገብስ ምትክ ተደርጎ እንደ ገብስ የሚያዝ ሳይሆን በራሱ ሕግ የሚተዳደር እህል መሆኑ ነው።

የቆላዋ ጠማቂ ዘዴ

የቆላዋ ጠማቂ ማሽላዋን አንድ ቀን ያህል ትዘፈዝፋለች፤ ውኃውን አጥልላ በእርጥብ ጆንያ ወይም በሰፋፊ ቅጠል ትሸፍነዋለች፤ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ውስጥ ሥሩ እርስ በርሱ ሲያያዝ ፈልፍላ በሰሌን ወይም በሸራ ላይ ታሰጣዋለች። በበጋ ፀሐይ በሁለትና በሦስት ቀን ይደርቃል። መድረቁንም ያለ መሣሪያ ታውቀዋለች። ፍሬው በጥርስ ሲነከስ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ፣ ሥሩም በመዳፍ ሲታሽ ከረገፈ፣ ብቅሉ ደርሷል ማለት ነው። ይህ ፍተሻ በትልልቅ ፋብሪካዎች የሚሠሩ ባለሙያዎችም ከላቦራቶሪው ውጤት በፊት በእጃቸው የሚያደርጉት ነው።

ከዚህ ጋር አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። በአውሮፓ የብቅል አሠራር አንዱ እህል ሁለት አገልግሎት እንዲሰጥ ይጠበቅበታል፤ ኤንዛይምም ቀለምና ጣዕምም ከዚያው ብቅል መምጣት አለበት። ሁለቱ ፍላጎቶች እርስ በርሳቸው ስለሚጋጩ ማድረቂያው እጅግ ጥንቃቄ የሚሻ መሣሪያ ሆኗል። ችግሩ በከፊል የተቃለለው ዳንኤል ዊለር የተባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1817 የብቅል መቁያ በርሜል ከፈለሰፈ በኋላ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ጥቂት የተቆላ ብቅል ለቀለም፣ ብዙው ፈዛዛ ብቅል ለስኳር ሆነ። የኢትዮጵያ ጠላ ጠማቂ ግን ይህን ክፍፍል ከጥንት ጀምሮ ታውቀዋለች። ብቅሉን በፀሐይ አድርቃ ለኤንዛይም ታስቀምጠዋለች፤ ቀለሙንና ጣዕሙን በምጣድ ከቆላችው አሻሮና ካበሰለችው እንኩሮ ታገኘዋለች። ስለዚህ ለቆላው የሚያስፈልገው መሣሪያ ብቅልን የሚያበስል ምድጃ አይደለም። የሚያስፈልገው በዝግታ ሙቀትና በፈጣን ነፋስ ውኃውን የሚያወጣ ማድረቂያ ብቻ ነው። ይህን ሳይለዩ ለገብስ የተሠራ ትልቅ ማብሰያ ወደ ቆላው ማምጣት ወጪን ማባከን ይሆናል።

ችግሩ የት ላይ ነው?

ፀሐይ በነፃ እያለች መሣሪያ ለምን አስፈለገ የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። በእርግጥ በመጋቢትና በሚያዝያ የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሊያልፍ በሚችልበት በመተማ፣ ብቅል ለማድረቅ ማሽን መፈለግ ለወንዝ ውኃ እንደ መቅዳት ሊቆጠር ይችላል። ነገር ግን ችግሩ ሦስት ገጽታ አለው።

የመጀመሪያው የወቅት ችግር ነው። የቆላው ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ይጥላል። ለዘመን መለወጫና ለመስቀል የሚጠመቀው ጠላ ብቅሉ መዘጋጀት ያለበት በነሐሴ ነው። ከዚህም በላይ ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ከደጋው የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ቁጥሩ የሚበዛው በእነዚሁ ወራት በመሆኑ፣ ጠላና አረቄ ሸጣ ልጆቿን የምታስተዳድር ሴት ገበያዋ የሚደራው ሰማዩ በተዘጋበት ጊዜ ነው። ፀሐይ በጠፋችባቸው ቀናት ብቅሉ በሸራ ሥር ተጠቅልሎ ይቆያል፤ ቡቃያው ማደጉን ይቀጥላል፤ ሻጋታውም ይጀምራል።

ሁለተኛው የጤና ችግር ነው። ማሽላ የሚበቅልበት ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ያለው ሙቀት አፍላቶክሲን የሚባለውን መርዝ የሚያመነጩ ሻጋታዎችም የሚወዱት ሙቀት ነው። ይህ መርዝ ጉበትን የሚጎዳና ካንሰር የሚያስከትል ሲሆን፣ አንዴ ከተፈጠረ በማፍላትም ሆነ በመቁላት ተጠርጎ አይጠፋም። ስለዚህ የሻገተን ብቅል በኋላ በፀሐይ ማድረቅ መልኩን እንጂ ጠባዩን አይለውጠውም። መከላከያው ብቅሉ እርጥብ ሆኖ የሚቆይበትን ሰዓት ማሳጠር ብቻ ነው። በተጨማሪም የማሽላ ቡቃያ በተፈጥሮው ዱሪን የሚባል፣ ሲሰባበር ሳያናይድ የሚወጣው ንጥረ ነገር አለው። እ.ኤ.አ. በ1984 የታተመ አንድ ጥናት ከ100 ግራም ማሽላ በበቀለ ቡቃያ ውስጥ በአማካይ 61.3 ሚሊግራም የሳያናይድ አሲድ መለካቱን ገልጿል፤ ይህም አንድን ዐዋቂ ሰው ሊገድል ከሚችለው መጠን የሚበልጥ ነው። ይህ ንጥረ ነገር የሚከማቸው በአብዛኛው በሥሩና በቡቃያው ስለሆነ፣ ብቅሉ በሚገባ ደርቆ፣ ሥሩና ቡቃያው ታሽቶና ተነፍቶ መወገድ አለበት። በደንብ ያልደረቀ ብቅል ደግሞ ሥሩ አይረግፍም። እንግዲህ ድርቀትና ደኅንነት አንድ ጉዳይ ናቸው።

ይህ ነገር ከጠላ ጋን አልፎ ወደ ሕፃናት ምግብም ይደርሳል። ጥቂት የብቅል ዱቄት በወፍራም ገንፎ ላይ ሲጨመር ገንፎው ይቀጥናል፤ በዚህም የተነሣ ሆዱ ትንሽ የሆነው ሕፃን በአንድ ቁና የተሻለ ምግብ ሊያገኝ ይችላል። የምግብ ባለሙያዎች ይህን ዘዴ ከረጅም ጊዜ ጀምሮ ሲመክሩ ቆይተዋል። ነገር ግን ዱቄቱ ከሻጋታና ከቡቃያ የጸዳ ካልሆነ፣ ሊረዳ የታሰበው ሕፃን ይጎዳል። በአካሉ ትንሽነት የተነሣ ከሁሉ በፊት የሚጎዳውም እርሱ ነው።

ሦስተኛው የበጋው ችግር ነው። እርጥብ ብቅል በቀትር ፀሐይ በቆርቆሮ ላይ ወይም በጥቁር ላስቲክ ላይ ከተሰጣ፣ የሥፍራው ሙቀት ከአየሩ ሙቀት እጅግ ይበልጣል፤ በዚህ ጊዜ ከሥር ያለው እህል ኤንዛይሙን ያጣል። በመልኩ ያማረ፣ በሥራው ግን የማይረዳ ብቅል ይሆናል። ጠማቂዋ ድፍድፏ ሳይነሣ ሲቀር ጌሾውን ወይም ውኃውን ትጠረጥራለች፤ በደሉ ግን የተፈጸመው ከአንድ ሳምንት በፊት በቆርቆሮው ላይ ነው። ከዚህም ጋር አቧራው፣ ዶሮውና ፍየሉ ሲታከሉ ክፍት ስጥ ያለው ጉድለት ግልጽ ይሆናል።

እንዴት ያለ መሣሪያ?

መሣሪያውን ለመንደፍ በቅድሚያ ሒሳቡን ማወቅ ይገባል። 45 በመቶ ውኃ ያለው 100 ኪሎ እርጥብ ብቅል ይኑር። በውስጡ ያለው ደረቅ ነገር 55 ኪሎ ነው። ብቅሉ ወደ 8 በመቶ እንዲደርቅ ቢፈለግ፣ መጨረሻ ላይ 60 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ስለዚህ 40 ኪሎ ውኃ መትነን አለበት። ይህን ያህል ውኃ ለማትነን ወደ 100 ሜጋ ጁል የሚጠጋ ሙቀት ያስፈልጋል። ከማገዶው ሙቀት ሩብ ያህሉ ብቻ ብቅሉ ዘንድ የሚደርስበት ተራ ምድጃ ቢሠራ፣ ለዚህ ሥራ 24 ኪሎ ያህል ደረቅ እንጨት ይጠፋል።

ይህ ቁጥር ለምዕራብ ጎንደር ቆላ ቀላል አይደለም። የዕጣኑ ዛፍ፣ ሸመሉና ሌላው የቆላ ደን በእርሻ መስፋፋት፣ በእሳትና በማገዶ ምክንያት እየሳሳ መሄዱ የታወቀ ነው። በቋራ የሚገኘው የአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክም ከዚህ ግፊት ነፃ አይደለም። ስለዚህ ሁሉን በእሳት የሚያደርቅ መሣሪያ የጓዳን ችግር ፈትቶ የአገርን ችግር ያባብሳል።

መፍትሔው ሥራውን ለሁለት ከፍሎ ማየት ነው። ብቅሉ ከ45 በመቶ ወደ 20 በመቶ ሲወርድ የሚወጣው ውኃ 31 ኪሎ ያህል ነው፤ ከ20 ወደ 8 በመቶ ሲወርድ የሚወጣው ግን 9 ኪሎ ብቻ ነው። ከጠቅላላው ውኃ ከሦስት አራተኛ በላይ የሚሆነው የመጀመሪያው ክፍል በዝግታ ሙቀት የሚወጣ ስለሆነ ለፀሐይ ይተው፤ የመጨረሻው ክፍል ለምድጃው ይሰጥ። ያን ጊዜ የሚፈለገው እንጨት ከ24 ኪሎ ወደ 5 ወይም 6 ኪሎ ይወርዳል። ይህንንም ቢሆን በሰሊጥና በጥጥ አገዳ መተካት ይቻላል፤ አገዳው ከመከር በኋላ በየማሳው ብዙ ጊዜ ያለ ጥቅም የሚቃጠል ነውና።

በዚህ መሠረት የሚታሰበው መሣሪያ እንደሚከተለው ነው። በነጭ ላስቲክ የተሸፈነ፣ ወለሉ ጥቁር የሆነ፣ ስምንት ካሬ ሜትር ያህል ስፋት ያለው የፀሐይ መሰብሰቢያ ይሠራል። አየር ከታች ገብቶ ይሞቃል፤ ከዚያ ወደ ሣጥኑ አልፎ በወንፊት በተሠሩ መደርደሪያዎች መካከል ያልፋል፤ በረጅም ማውጫ ወደ ላይ ይወጣል። የሞቀ አየር በራሱ ስለሚወጣ ኤሌክትሪክ የግድ አያስፈልግም። ብቅሉ ከሦስት ሳንቲ ሜትር ባልበለጠ ውፍረት ይሰጣል፤ በየጊዜውም ይገለባበጣል። ፀሐዩ በቀጥታ እህሉን ስለማያገኘው፣ አየሩም በመዝጊያ ስለሚለካ፣ ሙቀቱን ከ50 ዲግሪ በታች ማቆየት ይቻላል። በጠራ ቀን አንድ ካሬ ሜትር መሰብሰቢያ ሁለት ኪሎ ያህል ውኃ ለማትነን የሚበቃ ሙቀት ይሰጣል ተብሎ ሊገመት ይችላል። ስለዚህ ያ 31 ኪሎ ውኃ በሁለት የፀሐይ ቀን ይወጣል።

ለክረምቱና ለመጨረሻው ድርቀት ደግሞ ከሣጥኑ ሥር ከአሮጌ በርሜል የተሠራ ምድጃ ይገባል። እዚህ ላይ መታለፍ የሌለበት አንድ ደንብ አለ፤ ጭሱ ብቅሉን መንካት የለበትም። እሳቱ በርሜሉን ያሞቃል፤ በርሜሉ አየሩን ያሞቃል፤ ጭሱ በራሱ ቧንቧ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ በጀርመን ቢራ ውስጥ ናይትሮሳሚን የሚባል ካንሰር አምጪ ነገር በተገኘ ጊዜ፣ ምንጩ የእሳት ጋዝ በቀጥታ በእርጥብ ብቅል ውስጥ የሚያልፍባቸው ማድረቂያዎች መሆናቸው ተረጋግጧል። ከዚያ ወዲህ ብዙዎቹ ፋብሪካዎች አየሩን በተዘዋዋሪ መንገድ ወደ ማሞቅ ዞረዋል። ታላላቆቹ ብዙ ከፍለው የተማሩትን ትምህርት የቆላው ትንሽ መሣሪያ ከመጀመሪያው ሊጠቀምበት ይገባል።

በክረምት ይህ ምድጃ የሚሠራው ሥራ ከሚገመተው በላይ ነው። 25 ዲግሪ ሙቀትና 85 በመቶ አንጻራዊ እርጥበት ያለው የነሐሴ አየር ብቅልን ሊያደርቅ አይችልም። ያው አየር ውኃ ሳይጨመርበትና ሳይቀነስበት ወደ 45 ዲግሪ ቢሞቅ ግን አንጻራዊ እርጥበቱ ወደ 28 በመቶ ይወርዳል፤ ያን ጊዜ እንደ በጋ አየር ውኃን የሚጠማ ይሆናል። የሚያስፈልገው የ20 ዲግሪ ጭማሪ ብቻ ነው። በክረምት ፀሐይ ስለማይታመን እንጨቱ ከበጋው መብዛቱ ባይቀርም፣ የሻገተ ብቅል ከነድካሙና ከነእህሉ ከሚጣል ኪሳራው ያነሰ ነው።

የባለሙያው ድርሻ

ኢትዮጵያ የብቅል ፋብሪካ የሌላት አገር አይደለችም። በ1970ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ከተቋቋመው ከአሰላ ፋብሪካ ጀምሮ በጎንደርና በደብረ ብርሃን ሳይቀር የገብስ ብቅል የሚያመርቱ ድርጅቶች ተቋቁመዋል። እነዚህ የቢራውን ኢንዱስትሪ ያገለግላሉ። ከጎንደር ፋብሪካ ወደ መተማ የሚወስደው መንገድ በአንድ ቀን የሚያልቅ ነው፤ በፋብሪካው የማድረቅ ዕውቀትና በቆላዋ ጠማቂ ስጥ መካከል ያለው ርቀት ግን እስካሁን አልተጠጋም። ለአንዱ እህል፣ ለአንዱ ገዢ የዋለው ምሕንድስና ለሌላው አልደረሰም።

ይህን ለማቀራረብ ሦስት ነገሮች ያስፈልጋሉ። አንደኛው መለካት ነው። የማኅበሩ አባላት በበጋ ሳይሆን በነሐሴ ወርደው፣ ቴርሞሜትርና ሚዛን ይዘው፣ ብቅሉ በስንት ሰዓት እንደሚደርቅ፣ ስንቱ እንደሚሻግትና ስንቱ እንደሚጣል መመዝገብ አለባቸው። ከላይ የቀረበው ሒሳብ መነሻ ነው፤ የሚፈርደው ግን ሥፍራው ነው። ሁለተኛው መሣሪያውን በገንዳ ውኃና በመተማ ያሉ ብረት ሠሪዎች ሊሠሩትና ሊጠግኑት በሚችሉት ነገር መንደፍ ነው። መለዋወጫው ከሩቅ የሚመጣ መሣሪያ በመጀመሪያው ብልሽት የዶሮ ቤት ይሆናል። ሦስተኛው የባለቤትነት ጉዳይ ነው። ብቅል እስከ ዛሬ የሴቶች ሙያና የሴቶች ገቢ ነው። ማድረቂያው ገንዘብ ላለው አንድ ነጋዴ ብቻ ቢደርስ፣ ጠማቂዎቹ የራሳቸውን ብቅል ከእርሱ ገዢ ይሆናሉ፤ ቴክኒኩ ተሳክቶ ዓላማው ይከሽፋል። ስለዚህ መሣሪያው በሠፈር ሴቶች ማኅበር ወይም በኅብረት ሥራ እጅ እንዲገባ ከንድፉ ጋር አብሮ መታሰብ አለበት።

የቆላው ሕዝብ ለማድረቅ ሥራ አዲስ አይደለም። ሰሊጡን አጭዶ፣ በነዶ አስሮ፣ በሂላ አቁሞ ነፋስ እንዲያልፍበት የሚያደርግ ገበሬ ነፋስ ከሙቀት እንደሚቀድም ያውቃል። ከባለሙያው የሚፈለገው ይህን የታወቀ ጥበብ ከሰሊጡ ማሳ ወደ ብቅሉ ጓዳ ማሻገር፣ በላዩም ጣራ፣ ጭስ ማውጫና ቴርሞሜትር መጨመር ነው። ይህ ከተደረገ ነሐሴ ላይ የተዘፈዘፈው ማሽላ ለመስከረም ጋን ሳይሻግት ይደርሳል፤ ከዚያው ብቅል ተቆንጥሮ በሕፃን ገንፎ ላይ የሚነሰነሰው ዱቄትም እናቲቱን የማያሳስባት ይሆናል።